ጠዋት ጠዋት የምትንበረከከው መኪና

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ነው ያለሁት፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ከሰማችሁ ታገሱኝ።

ስለ አጎቴ መኪና ላውራችሁ። የጀርመን ቅንጡ መኪና ናት፣ ጥቁር፣ ወንበሯ ቆዳ። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ከተነዳች በኋላ ገዝቷት በጣርማ በር፣ በከሚሴ አድርጎ፣ የኮምቦልቻን ዳገት ወጥቶ ሲያመጣት እኛ የሰፈር ልጆች አስፋልት ድረስ ሄደን ነው የተቀበልነው። «በግማሽ ዋጋ አገኘኋት» አለን። እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ መኪና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት የዋጋውን ግማሽ ያህል ማጣቱ በተሠራበት አገርም የተለመደ ነው።

ለምን እንደሚወርድ የገባኝ ግን ጠዋት ጠዋት ነው። ማታ ቀጥ ብላ የቆመችው መኪና ሲነጋ በኋላ ቀኝ ጎኗ ወርዳ፣ ባቲ ገበያ ላይ እንደተንበረከከች ግመል ሆና እናገኛታለን። እንደሷ ያሉት ብዙዎቹ በብረት ሞላ ፋንታ አየር በተሞላ የላስቲክ ከረጢት ነው የሚቆሙት። ላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቅና አየር ያፈሳል። አየር የሚነፋው ኮምፕረሰር ደግሞ የጎደለውን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ከርሞ ይቃጠላል። በአንድ ከረጢት የተጀመረ ነገር ሁለት ዕቃ ያስገዛል።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ፣ የመኪናዋ ዋጋ ወረደ እንጂ የዕቃዋ ዋጋ መቼ ወረደ?» አለው። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። አጎቴ በግማሽ ዋጋ ገዛት፣ የሚያስጠግናት ግን በአዲስነቷ ዋጋ ነው። ቀጣዩ ገዢ ይህን ስለሚያውቅ ወጪውን አስቀድሞ ከዋጋዋ ላይ ይቀንሳል። ከሱ የሚገዛው ደግሞ ይብሳል።

ኮሮላ ብትሆን ዕቃዋ እዚሁ ይገኛል፣ የማያውቃት መካኒክም የለም።

የብሩንም ነገር ልንገራችሁ። «በገዛሁበት ሸጥኩ፣ አልከሰርኩም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ከዚያ በፊት ገዝቶ፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ዋጋ የሸጠ ሰው ቁጥሩ አልተነካበትም፣ ገንዘቡ ግን በዶላር ሲሰላ ወደ ግማሽ ወርዷል። በዚያው ዓመት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከሉ አገር ውስጥ ያሉትን መኪኖች ዋጋ ደገፈ። ስለዚህ የቅንጧን ኪሳራ ማየት የፈለገ አብራት ከተገዛች ኮሮላ ጎን ያስቀምጣት፤ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አጎቴ በመጨረሻ ከረጢቶቹን አስወጥቶ የብረት ሞላ አስገባላት። አሁን ጠዋትም ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ድንጋይ ስትረግጥ ግን ወገብ ላይ ይሰማል፣ ዳሽቦርዱ ላይም ቢጫ መብራት በርቶ ቀርቷል። ባለፈው እሑድ አንድ ገዢ መጥቶ ኮምቦልቻ ድረስ ነድቶ ሞከራት። ሲመለስ መሬት ላይ ተንበርክኮ ከሥሯ አየ፣ ሞላውን ሲያይ ዝም አለ፣ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ከተነጋገሩበት ላይ ብዙ ቀነሰ። አጎቴ አልተቆጣም። ቁልፉን ተቀብሎ «ና ግባ፣ ቡና ተፈልቷል» አለው።