ዴሳዩኖ በዘጠኝ ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወጋችሁ በምሠራበት ወጥ ቤት ከአንዲት የኤል ሳልቫዶር እናት አንድ አንድ ቃል እየለቀምሁ ስለምማረው ስፓኒሽ ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ በአንድ ምግብ ቤት መሥራት ከጀመርሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የወጥ ቤቱ መግባቢያ ስፓኒሽ ሲሆን እንግሊዝኛው ሳህን ከሚወጣበት መስኮት ወዲያ፣ አስተናጋጆቹ ዘንድ ይቀራል። በመጀመሪያው ሳምንት እኒህ እናት ወደ አንድ ቢጫ ጄሪካን እያመለከቱ «አሴይቴ» አሉኝ። አንሥቼ እስካመጣላቸው ድረስ ቃሉን በሆዴ ስደጋግመው ከውስጡ «ዘይት» ብቅ አለልኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስመለከት ጆሮዬ አልተሳሳተም ነበር፤ ቃሉ የዐረብኛው «አዝ-ዘይት» ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ሙስሊሞች ከገቡበት ከ711 ጀምሮ የመጨረሻዋ ግዛታቸው ግራናዳ በ1492 እጇን እስከሰጠችበት ጊዜ ድረስ ዐረብኛ በስፔን ምድር ሲነገር ስለኖረ፣ ስፓኒሾች ስኳርን «አሱካር»፣ ሩዝን «አሮስ» ብለው የወሰዱት ከዚያው ነው። የሚያስገርመኝ ግን መነሻው ላይ የተጣበቀው «አ» ነው፤ እኛ ከቃሉ መጨረሻ «ዘይቱ»፣ «ስኳሩ» እንደምንለው ሁሉ፣ ዐረቦች ከፊት የሚያስቀድሙት «አል» (ከ«ዘይት» ፊት «አዝ» ሆኖ የሚሰማው) ከቃሉ ጋር አብሮ ገብቶ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ስፔናዊ «አንድ ዘይት» ያለ ሲመስለው፣ ቃሉን ለሚመረምር ሰው «አንድ ዘይቱ» እያለ ነው። የወይራውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዛፉ «ኦሊቮ» በላቲን ስሙ ሲጠራ ፍሬው «አሴይቱና» በዐረብኛ ስሙ ይጠራል። የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ የሚውለውን ሰንበት ደብረ ዘይት እያልሁ ላደግሁት ለእኔ ይህ ቃል ከዚያ ወዲህ ተረስቶኝ አያውቅም።

መመሳሰል ግን ያሳስታል። በዚያው ሰሞን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ ዋናው አብሳይ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ላ ሜሳ!» ሲል ጮኸ። እኔም «ምሳ» ያለ መስሎኝ እጄን ታጥቤ፣ ሳህኔን ይዤ ተሰለፍሁ። ሰውዬው ጠረጴዛውን እንድወለውል ነበር የፈለገው። «ሜሳ» የላቲኑ «ሜንሳ» ልጅ ሲሆን ከምሳችን ጋር ከድምፅ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። የገበታ ጨውንም «ሳል» ይሉታል፤ ይህን ከሰማሁ በኋላ አንድ ሰው ባሳለ ቁጥር ጨው ማቀበል ያምረኛል።

ከሁሉ ረጅሙን መንገድ የሄደብኝ «ካሚሳ» ነው። ሸሚዝ ማለት ነው። መጀመሪያ የዐረቦቹ «ቀሚስ» ነው ብዬ እንደ ዘይቱ ልደመድም ስል፣ መንገዱ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። ቃሉ በኋለኛው ዘመን ላቲን «ካሚሲያ» ሲሆን፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ቅዱስ ጄሮም በ4ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ወታደሮች ስለሚለብሱት የተልባ እግር ልብስ ሲጽፍ ይጠቅሰዋል፤ ብዙዎቹ ምሁራን እንደሚሉትም የዐረብኛው «ቀሚስ» ከዚያው የመጣ ነው። ስፓኒሽ ያለ አማላጅ ከላቲኑ ሲወርስ፣ ወደ እኛ ዘንድ ግን ቃሉ ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ በዐረብኛው በኩል ቀሚስ፣ በፈረንሳይኛው በኩል ደግሞ ሸሚዝ ሆኖ። አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቅለው የሚውሉት ሁለቱ ልብሶች በስማቸው የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያወቅሁት ስፓኒሽ ስማር መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ስለ ቀን አቆጣጠርም አንድ ነገር ላንሣ። «ሴማና» በላቲን ሰባት ከሚለው ቃል የተወለደ ሲሆን የእኛ «ሳምንት» ግን «ስምንት» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። ታዲያ የፈረቃ ለውጥ ስጠይቅ እኒህ እናት «ኤን ኦቾ ዲያስ» ማለትም «በስምንት ቀን» ሲሉኝ ጣቴን ቆጥሬ አንድ ቀን አሳልፌ ልመጣ ነበር። የዛሬ ሳምንት ማለታቸው ነው፤ የሚነሡበትንም ቀን ጨምረው ይቆጥራሉ። ቃላቸው ሰባት እያለ አነጋገራቸው ስምንት ይላል፤ በዚህ እንኳን እኛ እንሻላለን።

በዘንድሮው ሁዳዴ እኒሁ እናት ማለዳ ማለዳ «ዴሳዩኖ» እያሉ እንቁላልና ባቄላ ያቀርቡልኝ ጀመር። ዴሳዩኖ ቁርስ ነው። «አዩኖ» ጾም፣ «ዴስ» ደግሞ መፍታት፤ በአንድነት ጾምን መፍታት ማለት ነው። የእኛ ቁርስ የሚያወራው እንጀራውን ስለ መቁረስ ሲሆን የእነርሱ ሌሊቱን ሳይቀር እንደ ጾም ቆጥሮታል። በተሰባበረ ስፓኒሽ «እኔ ገና በአዩኖ ላይ ነኝ፤ ዴሳዩኖዬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው» ብዬ ሳስረዳቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን በአፋቸው የኖረ ቃል ውስጥ ጾም መኖሩን ልብ ብለው እንደማያውቁ ነግረውኝ፣ ቃሉን ለሁለት ከፍለው ቀስ ብለው ደገሙት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቁላሉ ቀርቷል። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ሲል፣ በእኛ ዘጠኝ መሆኑ ነው፣ ባቄላውን በአሴይቴ አቁላልተው በትንሽ ሳህን ያስቀምጡልኝና ከምድጃው ሳይነሡ «ዴስ… አዩኖ!» ብለው ይጠሩኛል።