ድመቷ ትውጣ ወይ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ስለ ቤት እንስሳትና ስለ አለርጂ ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ግማሹ ጥያቄ ሳይመለስ ሰዓቱ አለቀ። የቀረውን ጽፌ እመልሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፣ ይኸው። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። ልጅ እንስሳውን ይወዳል፣ ከቤተሰቡ አንዱን ደግሞ ያስነጥሰዋል ወይም ያፍነዋል። አንዳንዱን ነገር ደጋግሜ ብናገር ታገሡኝ፣ በየቀኑ ስለማየው ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ «የ9 ዓመት ልጄ ድመት አለችው። ከክረምት ጀምሮ አማቴ አብረውን ይኖራሉ። ጠዋት ጠዋት ያስነጥሳቸዋል፣ ዓይናቸውን ያሳክካቸዋል። ሌሊት ደረታቸው ሲር ሲር ይላል። ባለቤቴ ድመቷ ትውጣ ይላል፣ ልጁ ያለቅሳል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በስልክ ድመቷ የት ነው የምትተኛው ስልሽ «ከልጁ ጋር» አልሽኝ። ልጁስ ስልሽ «ከአያቱ ጋር» አልሽ። እንግዲህ እሳቸው ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሱት የድመቷን ነው ማለት ነው።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ ድመቷ መኝታ ክፍል አትግባ። ቀንም ቢሆን አትግባ፣ ቀን አልጋው ላይ የተወችው ሌሊት አፍንጫ ውስጥ ይገባልና። ጋቢውና አንሶላው በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። አጎዛና ባና ካለ ከአልጋው ይነሳ፣ ውጭ ወጥቶ ይራገፍ። የሚያራግፈው ግን ሌላ ሰው ይሁን፣ እሳቸው አይደሉም። ቤት ሲጠረግ መጀመሪያ ውሃ ይረጭበት። ልጁም ከድመቷ ጋር ተጫውቶ ሲመጣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ልብሱን ቀይሮ ነው አያቱ ጎን የሚተኛው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተሻላቸው ድመቷ ወደ ዘመድ ቤት ትሂድ፣ እሱን አልደብቅሽም። ሰው ይቀድማል። ግን ማስነጠስ ሌላ፣ ሲር ሲር ማለት ሌላ ነው። ሲር ሲር የሚል ደረት አስም ሊሆን ይችላል። ድመቷ ወጣችም አልወጣችም በዚህ ሳምንት ሐኪም ይያቸው። ቡናው ሲፈላ ዕጣኑንም ለጊዜው ተዉላቸው፣ የምድጃውም ጭስ ከሚተኙበት ይራቅ።

ከቡሬ፦ «ፀጉሯን ብንላጫትስ?»

አይጠቅምም። ችግሩ ፀጉሯ አይደለም፣ ምራቋና የቆዳዋ ፎረፎር ነው። ስትልስ ሰውነቷን ሁሉ ትቀባዋለች፣ ሲደርቅ ብናኝ ሆኖ ይንሳፈፋል። ብትላጯት ብርድ ነው የምታተርፉላት።

ከባሕር ዳር፦ «ፀጉሩ የማይረግፍ ነጭ ቡችላ አለርጂ የለውም ተብዬ ለልጄ ልገዛላት ነው። እውነት ነው?»

ገንዘብህን ያዝ። አለርጂ ፈጽሞ የማያመጣ የውሻ ዝርያ የለም። ከቤተሰብህ የሚታፈን ሰው ካለ ቡችላው ያለበት ቤት ሄዳችሁ ደጋግማችሁ ቁጭ በሉ፣ ከዚያ ወስኑ። ለልጅ አንድ ጊዜ ሰጥቶ መንጠቅ ከባድ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ባለቤቴ አስም አለበት። የልጆቹ ውሻ ስትጠጋው ይነሳበታል። ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) ታዞለት ነበር፣ ያስለምዳል ሲሉት ተወው። ሲብስበት መድኃኒት ቤት ሄዶ መርፌ ይወጋል፣ ወይ ኪኒን ይገዛል። ወዲያው ይሻለዋል። ችግር አለው?»

አለው። በጣም አለው። እዚህ ላይ ብቆይ ቅር አይበላችሁ።

«ፓፍ ያስለምዳል» የሚለው ወሬ ከድመትና ከውሻ ይልቅ ሰው እየጎዳብን ነው። ፓፍ ሱስ አያስይዝም። በየቀኑ የሚያስፈልገው በሽታው በየቀኑ ስላለ ነው። ሐምሌ ላይ ጃንጥላ የያዘ ሰው ጃንጥላ ለምዶበት ነው ይባላል? ዝናቡ ስላላባራ ነው እንጂ።

አስም ማለት የአየር ቧንቧው ከውስጥ ተቆጥቶ፣ አብጦ፣ ጠቦ ማለት ነው። የውሻዋ ብናኝ ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ፓፍ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሲያፍን ቶሎ የሚከፍት ነው፣ ሳልቡታሞል የሚባለው። ሌላው እብጠቱን የሚያበርድና በየቀኑ የሚወሰድ ነው፣ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይዞራል። ሳልቡታሞሉን በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ከፈለገ አስሙ አልተያዘም ማለት ነው፣ ሐኪሙ የሚያበርደውን ይጨምርለት።

አሁን መጠኑን እዩልኝ። አንድ የሳልቡታሞል ፓፍ 100 ማይክሮግራም ነው። አንዷ ትልቋ የሳልቡታሞል ኪኒን 4 ሚሊግራም ናት። ማለትም በ1 ኪኒን ውስጥ ያለው የ40 ፓፍ ያህል ነው። ፓፉ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ኪኒኑ በሆድ አልፎ፣ በደም ዞሮ፣ ልብን አስመትቶ፣ እጅን አንቀጥቅጦ ነው ሳንባ የሚደርሰው። ታዲያ የቱ ነው የሚያስፈራው?

ባለቤትሽ የሚወጋት መርፌ ዴክሳሜታዞን ሳትሆን አትቀርም፣ ኪኒኗም ፕሬድኒሶሎን። ሁለቱም ጥሩ መድኃኒት ናቸው፣ ሐኪም በቀን ለክቶ ሲሰጣቸው። ወዲያው መሻሉም እውነት ነው፣ ጉዱ እሱ ላይ ነው። ሰው ተሻለኝ ብሎ በሁለት ሳምንት ይመለሳል፣ በወሩ ይመለሳል። እንዲህ እየተደጋገመ ስኳር ያመጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የዓይን ሞራ ያመጣል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። ፊቷ ያበጠ፣ ቆዳዋ የሳሳ፣ ገና በ40ዎቹ ዕድሜ ያለች እናት ክፍሌ ገብታ ስታስነጥስ የጎድን አጥንቷ ተሰብሮ አይቻለሁ። ያ ሁሉ ፓፍ ላለመልመድ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ። ባለቤትሽ ኪኒኗን ለሳምንታት ሳያቋርጥ ከወሰደ ይህን አንብቦ በአንድ ቀን እንዳይጥላት። ሰውነቱ እንደ ኪኒኗ ያለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል ድንገት ማቆም አደጋ አለው። ሐኪም ቀስ አድርጎ ያውርድለት።

«ፓፉን ሞክሬው አልሠራልኝም» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ምላሱ ላይ ነው የሚነፋው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ። ታጥቦ ይድረቅ። ቂጡን በጋለ ሽቦ በስታችሁ የፓፉ አፍ ጥብቅ ብሎ እንዲገባ አድርጉ፣ በዙሪያው አየር እንዳይወጣ። ፓፉን አራግፉ፣ አስገቡት። በሽተኛው የሃይላንዱን አፍ በከንፈሩ ይዝጋው። አንዴ ተጫኑ፣ እሱ ቀስ ብሎ 5 ጊዜ ያስገባ ያስወጣ። ከዚያ ሌላውን። ሁለት ፓፍ በአንዴ አይጫንም። የሚያበርደውን ከወሰዱ በኋላ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት ነው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠንም አስም አያድንም። እንዲያውም ሲያፍን፣ ሲያቃጥልም አይቻለሁ።

አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የጎድን አጥንቶቹ መሀል ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ወይም ሲር ሲር ሲል ቆይቶ ድምፁ ጠፍቶ እሱ ከደከመ ቤት አትቆዩ። ሳልቡታሞሉን በሃይላንዱ 4 ፓፍ አንድ በአንድ ስጡት፣ መኪና ይጠራ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ካልደረሳችሁ መንገድ ላይ ድገሙት።

ውሻዋስ? ውጭ ትደር። ፓፍ ጀመረ ተብሎ ውሻ ወደ መኝታ ቤት አይመለስም።

ከደጀን፦ «የድመት አለርጂ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?»

አይተላለፍም።

ከባሕር ዳር፦ «ባጃጅ ነጂ ነኝ። በልጄ ድመት ምክንያት ማታ ማታ የአለርጂ ኪኒን እወስዳለሁ። ቀን ያንቀላፋኛል።»

የቱን ነው የምትወስደው? ክሎርፌኒራሚን ከሆነ ያስተኛል፣ ባጃጅ ይዘህ አደጋ ነው። ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ይሻላል፣ ሴትሪዚን እንኳ አንዳንዱን ያደነዝዛልና መጀመሪያ የማትሠራበት ቀን ሞክረው። ለማስነጠስና ለማሳከክ ይረዳሉ። ለሲር ሲርታ ግን አይሆኑም። ድመቷንም ከመኝታ ቤት አውጣ።

ከሞጣ፦ «የልጄ ቡችላ ቁንጫ ስለበዛበት ማላታይን ነሰነስንበት። ማታ እህቴ አቅፋው ቆይታ አሳላት፣ ዓይኗ አለቀሰ፣ ምራቋ በዛ። የውሻ አለርጂ ነው?»

ላይሆን ይችላል፣ ይህንን ነው የምፈራው። ማላታይን ለእህል ነቀዝ የሚነሰነስ መርዝ ነው። ሲመርዝ ዓይን ያስለቅሳል፣ ምራቅና ላብ ያበዛል፣ ያስቀምጣል፣ ደረትንም ሲር ሲር ያሰኛል። አስም ያለበትን ሰው እንዴት እንደሚያደርገው አስቡት። ልጁ ደግሞ ቡችላውን አቅፎ፣ በዚያው እጁ እንጀራ ይበላል። ቡችላውም ራሱን ይልሳል።

እህትሽን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ የመርዙን ማሸጊያም ይዘሽ ሂጂ። ልብሷ ይውለቅ፣ ሰውነቷ በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ። ልጁም እንደዚያው። ቡችላውን እጅሽ ላይ ፌስታል አድርገሽ በሳሙና እጠቢው።

ቁንጫው ራሱ ውሻው ላይ ብቻ አይደለም ያለው። እንቁላሉና እጩ ወለሉ አቧራ ውስጥ፣ የተኛበት ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ወለሉን በደንብ ጥረጉ። መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም ይስጣችሁ፣ እግረ መንገዳችሁንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አስከትቡት። ለውሻ ተብሎ የሚሸጠውንም ድመት ላይ አታድርጉ። አንዳንዱ፣ በተለይ ፐርሜትሪን ያለበት፣ ድመት ይገድላል። እግር ላይ ተሰብስቦ የሚያሳክክ ትናንሽ እብጠትም ብዙ ጊዜ የቁንጫ ንክሻ እንጂ የውሻ አለርጂ አይደለም።

ከዳንግላ፦ «አባቴ 3 ወር ደረቅ ሳል አለው። የልጄን ጥንቸሎች አስወጣናቸው። ሳሉ ግን ያው ነው።»

ጥንቸሎቹን ያለ ጥፋታቸው ፈረዳችሁባቸው መሰለኝ። አባትህ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ጠይቄህ «የግፊት፣ ኢናላፕሪል» አልከኝ። ኢናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ የማያባራ ደረቅ ሳል ያመጣል። ኪኒኑን ግን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ግፊት ሳይታወቅ ይገድላል። ላዘዘላቸው ሐኪም ንገሩ፣ በሌላ ይቀይርላቸዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ አክታ ይመርመሩ። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ቤት ውስጥ ምንም እንስሳ ይኑር፣ ቲቢ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። ሐኪም ጋ ሂዱ።

ከቢቸና፦ «ድመቷን ለአክስቴ ከሰጠን 3 ሳምንት ሆነ። እናቴ አሁንም ታስነጥሳለች።»

ገና ነው። ድመቷ ብትሄድም የተወችው ብናኝ ፍራሽና ልብስ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ባናውን፣ መጋረጃውን፣ የሶፋውን ልብስ እጠቡ፣ ግድግዳውንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ልጁ አክስቱ ቤት ድመቷን አይቶ ሲመለስ በልብሱ ይዞት እንደሚመጣም አትርሱ። አይሂድ አላልኩም፣ ሲመጣ ልብሱን ይቀይር። ወቅቱም ያሳስታል። ጤፍ ሲወቃ እብቁ ብቻውን ያስነጥሳል።

ከመራዊ፦ «ወንድሜን ድመት ስትቧጭረው ሰውነቱ ሁሉ ያብጣል፣ አንዴ ከንፈሩ አብጦ ራሱን ስቷል።»

ይህ የሬዲዮ ጥያቄ አይደለም። ድመቷ ዛሬ ትውጣ፣ ወንድምህ ሆስፒታል ሄዶ ይመርመር። ከተደገመ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ከደምበጫ፣ አንድ ልጅ፦ «አያቴ የታመሙት በእኔ ድመት ነው እያሉኝ ነው። በእኔ ነው ወይ?»

አይደለም፣ የኔ ልጅ። አስሙ የአያትህ ሰውነት ውስጥ ያለ በሽታ ነው። ድመትህ ታባብሰው ይሆናል እንጂ አላመጣችውም። አንተም አላመጣኸውም። ቤት ያላችሁ ትልልቅ ሰዎች፣ እባካችሁ ልጅን «አያትህን ልትገድል ነው» አትበሉት። በቀን አንድ እንዲህ የተባለ ልጅ አገኛለሁ፣ ያንን ቃል ተሸክሞ ነው የሚያድገው። ድመቷ መሄድ ካለባት ቁጭ አድርጋችሁ በእውነት ንገሩት፣ የምትሄድበትን ቤትም አብሮ ይምረጥ። ተኝቶ ሳለ ገበያ ወስዳችሁ አትጣሉበት።

አሁን ሥራ ልስጥህ። ካርቶን ፈልግና አሮጌ ጨርቅ አንጥፍበት፣ ድመትህ ማታ እዚያ ትደር፣ ኩሽና ወይም በረንዳ። አንተ እጅህን ታጠብ፣ ሸሚዝህን ቀይር። ከዚያ አያትህ ፓፋቸውን ሲወስዱ አጠገባቸው ቁም። ከሳቡ በኋላ ትንፋሻቸውን ይያዙ፣ አንተ ድምፅህን አውጥተህ ቀስ እያልክ እስከ 10 ቁጠርላቸው።