ፎረስት ጋምፕ የኬኔዲን እጅ እንዴት ጨበጠ?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በ1963 ሲገደሉ፣ ፎረስትን የሚጫወተው ቶም ሃንክስ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። በ1994 በወጣው «ፎረስት ጋምፕ» ውስጥ ግን ሁለቱ ይጨባበጣሉ። ያውም ፎረስት ዋይት ሐውስ ገብቶ 15 ያህል ዶክተር ፔፐር ለስላሳ ከገለበጠ በኋላ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ምን እንደሚሰማው ሲጠይቁት ሽንቱ እንደመጣ ይነግራቸዋል። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚስቀው መጨባበጡን ስላመነ ነው። እጁ ለቅጽበት እንኳ ቢያጠራጥር ቀልዱ እዚያው ይሞታል።

ዳይሬክተሩ ሮበርት ዘሜኪስና የምስል ማታለያ ሥራውን (ቪዥዋል ኢፌክት) የመሩት ኬን ራልስተን የሠሩበትን መንገድ እኔ በቤትና በእንግዳ እመስለዋለሁ። አሮጌው የዜና ፊልም ባለቤት ነው፤ አዲሱ ተዋናይ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ በቤቱ ሥርዓት ይገዛል።

መጀመሪያ ቁራጩ ይመረጣል። ታዋቂው ሰው እጁን የሚዘረጋበት፣ ፊቱ ያልተሸፈነበት፣ ከፊቱ የቆመው ሰው ቢነሳ ለአዲሱ ቦታ የሚተርፍበት ሾት ያስፈልጋል። ፊልሙ ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም ምስል በምስል፣ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ቀጥሎ ያለው ሥራ የመርማሪ ሥራ ነው። ጥላው በየት በኩል ወደቀ? ካሜራው በዓይን ልክ ነው ወይስ በደረት? ሌንሱ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? ሃንክስ ኮምፒውተር በቀለሙ ለይቶ በሚያወጣው ሰማያዊ መጋረጃ ፊት የቆመው ይህ ሁሉ ከተለካ በኋላ ነው፤ ከአሮጌው ምስል ጋር እንዲገጥምም ምልክት ተደርጎለታል። በመጨረሻ ሁለቱ ይገጣጠሙና የአሮጌው ፊልም ብናኝ፣ ጭረትና ብዥታ በአዲሱም ላይ ይጨመራል።

ሥራው የሚበላሸው ባልተጠበቀ ቦታ ነው። አንዱ ንቅናቄ ነው። በእጅ የተያዘ የዜና ካሜራ ይንቀጠቀጣል፤ የተጨመረው ሰው በዚያው ልክ ካልተንቀጠቀጠ ሌላው ሲወዛወዝ እሱ ብቻ ተንሳፍፎ ይቀራል። ሁለተኛው ጥቁር ቀለም ነው። በአሮጌ ፊልም ላይ ጥቁሩ ደብዝዞ ወደ ግራጫ ሄዷል። አዲሱ ሰው የለበሰው ኮት ድቅድቅ ያለ ጥቁር ከሆነ ከወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ከእናንተ መካከል በንጉሡ ዘመን የዜና ፊልም ውስጥ ተዋናይ ማስገባት የሚያስብ ካለ፣ ጥቁሩንና ብናኙን ዛሬ ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ማስተካከል ይችላል። የብርሃኑን አቅጣጫና የካሜራውን ከፍታ ግን ቀረጻ ላይ ከሳተ በኋላ የሚያድነው የለም።

የፊልሙ ደካማ ጎን አፍ ነው። ታዋቂዎቹ አዲስ የተቀዳውን ንግግር የሚናገሩ እንዲመስሉ ከንፈራቸው በኮምፒውተር ተቀይሯል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ከንፈሩ እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ የቀረው ፊት ግን አብሮት አይሄድም። ለዚህ ነው የአላባማ ዩኒቨርሲቲውን ትዕይንት የማስበልጠው። ጁን 11 ቀን 1963 አገረ ገዢው ጆርጅ ዋላስ ጥቁር ተማሪዎች እንዳይገቡ በር ላይ ቆሙ። ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ በዚያው ቀን ገብተው ተመዘገቡ። ይህ ታሪክ ነው። ፊልሙ የጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማሎን ደብተር ይወድቅባታል፣ ፎረስት አንስቶ ይሰጣታል። እዚያ የማንንም ከንፈር መነካካት አላስፈለገም።

ፎረስት ከቢትልሱ ዘፋኝ ከጆን ሌነን ጋር በሚቀርብበት የቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ደግሞ ሌላ መላ ዘይደዋል። አቅራቢው ዲክ ካቬት በሕይወት ስለነበረ ራሱን ጠርተው፣ በሜካፕ ወጣት አስመስለው፣ የወጣትነቱን ካቬት አጫወቱት።

አሁን በቬትናም ጦርነት እግሮቹን ወዳጣው የፎረስት አዛዥ፣ ወደ ሌተናንት ዳን። እሱን የሚጫወተው ጌሪ ሲኒስ ሁለት ጤነኛ እግር ያለው ተዋናይ ነው። እግሮቹን በሰማያዊ ጨርቅ ጠቀለሏቸው፣ ከዚያ ባለሙያዎች በኮምፒውተር ከእያንዳንዱ ፍሬም ላይ አጠፏቸው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ አንድ ደቂቃ 1,440 ፍሬም ማለት ነው። ማጥፋቱ ደግሞ ግማሹ ሥራ ነው፤ እግሩ ሸፍኖት የነበረው ወለል፣ አንሶላ ወይም የወንበር ጠርዝ ተመልሶ መሞላት አለበት። ሆኖም አካል ልማዱን አይረሳም። ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ ራሱን ሲያወጣ አንድ ቦታ ላይ ሲኒስ በማይታዩት እግሮቹ ይደገፋል። ክብደቱ የት እንዳረፈ ተመልከቱ።

የዋሽንግተኑ የሰላም ሰልፍ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያለበት ይመስላል። የነበሩት አጃቢዎች 1,500 ያህል ናቸው። አንዱን ማዕዘን ሞልተው ይቀረጻሉ፣ ወደ ሌላው ይዛወራሉ፣ ደግሞ ይቀረጻሉ፤ ከዚያ ምስሎቹ በኮምፒውተር ይጋጠሙና ይባዛሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ ስትሞክሩ ካሜራው በቀረጻችሁ ቁጥር እዚያው ቦታ መሆን አለበት፤ ቀይ ሸሚዝ የለበሰውንም ሰው ቦታውን ቀያይሩት፣ አለዚያ አንድ ቀይ ሸሚዝ አሥር ቦታ ይታያል። ፎረስት የሚጫወትበት የፒንግ ፖንግ (የጠረጴዛ ቴኒስ) ኳስም የኮምፒውተር ነው። ሃንክስ ራኬቱን የሚያወዛውዘው በባዶ አየር ላይ ነበር።

ስለ ስክሪፕቱ አጭር ነገር ልበል። የዊንስተን ግሩም የ1986 ልቦለድ ውስጥ ያለው ፎረስት ግዙፍ ሰው ነው፣ ቼዝ ይጫወታል፣ ከኦራንጉታን ጋር ጠፈር ይሄዳል። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ኤሪክ ሮት ጠፈሩንም ኦራንጉታኑንም አውጥቶ ጣላቸው። ደግ አደረገ። ጠፈር የደረሰ ሰው ኬኔዲን ጨበጥኩ ቢል ማን ይደነቃል?

ታሪኩ የሚተረክበት አግዳሚ ወንበር በአሜሪካዋ ሳቫና ከተማ፣ ቺፔዋ አደባባይ ነው የተቀረጸው፤ ወንበሩ ለፊልሙ የተሠራ ነበር። ፎረስት አውቶቡስ ሲጠብቅ አጠገቡ የሚቀመጡት ሰዎች ይቀያየራሉ፤ አንዱ ያዳምጣል፣ ሌላው አያምነውም። የመጨረሻዋ አድማጭ አሮጊት ናት። የሚሄድበትን መንገድ ስትሰማ የምትመልስለትን አልነግራችሁም፤ ስትደርሱበት ሰውየው ምን ያህል ሰዓት በከንቱ አውቶቡስ እንደጠበቀ ታሰላላችሁ።

መብራቱን ማጥፋት ይቻላል። የመጀመሪያዋ የምትታየው ላባ ናት፤ በሰማያዊ መጋረጃ ፊት ተቀርጻ ከተማው ላይ የተጨመረች ናት። እስክታርፍ ድረስ ዓይናችሁን አትንቀሉባት፤ መጋጠሚያውን ያገኘ ሲያልቅ ይንገረኝ።