«አልታየም» ብለን ከመጻፋችን በፊት

የተከበራችሁ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፣

የትል እንቁላል በምንፈልግበት የሰገራ ምርመራ ውጤት ላይ ደጋግመን የምንጽፈው «አልታየም» የሚለውን ነው። ታካሚው ያንን ወረቀት ይዞ ሐኪም ፊት ይቀርባል፤ ሕክምናውም በዚያ ይወሰናል። በኖርማል ሳላይን (በጨው ውሃ) የምናዘጋጀው ስላይድ ግን የሚይዘው 2 ሚሊግራም ገደማ ሰገራ ነው። ጥቂት እንቁላል ብቻ ያለበት ሰው በቀላሉ ያመልጠናል። ስለዚህ ስላይዱን በ10 ኦብጀክቲቭ (የማይክሮስኮፑ ሌንስ) ከጥግ እስከ ጥግ አንብቡት፤ ያጠራጠራችሁን በ40 አረጋግጡ።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ የመንጠቆ ትል እንቁላል ነው። ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ቀለም የለውም፤ በውስጡ ከ4 እስከ 8 ሕዋሳት ይታያሉ፣ በእነሱና በቅርፊቱ መካከልም ጥርት ያለ ክፍተት አለ። ብርሃኑ ከበዛ እንቁላሉ ዓይን ላይ ይጠፋል፤ ዲያፍራሙን (የማይክሮስኮፑን የብርሃን መቆጣጠሪያ) ጠበብ አድርጉት። ሰገራውን በግሊሰሪን አጥርተን በምናይበት በካቶ ካትዝ ዘዴ ደግሞ ግሊሰሪኑ ራሱ ያጠፋዋል፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተነበበ «የለም» ማለት አይቻልም። ናሙናው ሞቃት ክፍል ውስጥ ካደረም የትሉ እጭ (ላርቫ) ይፈለፈላል፤ ያን ጊዜ ስትሮንጂሎይደስ (እጩ በሰገራ የሚታይ ሌላ የአንጀት ትል) ነው ብሎ መሳሳት ይመጣል። የእጩን የአፍ ቱቦ ተመልከቱ፦ የመንጠቆ ትሉ ረጅም፣ የስትሮንጂሎይደስ አጭር ነው። ልዩነቱ ለታካሚው ትልቅ ነው፤ ለስትሮንጂሎይደስ ተመራጩ መድኃኒት አይቨርሜክቲን ነውና።

የወስፋት እንቁላል በጎርበጥባጣ ቡናማ ልባሱ ይለያል። ልባሱ የተገፈፈበት ሲያጋጥማችሁ ግን የቅርፊቱን ውፍረት እዩ፤ የመንጠቆ ትል እንዲህ ያለ ወፍራም ቅርፊት የለውም። ያልዳበረው የወስፋት እንቁላል ደግሞ ሞላላ ሆኖ እስከ 90 ማይክሮሜትር ይረዝማል፣ ብዙ ጊዜም እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ይታለፋል። የጅራፍ ትል በሁለቱ ጫፎቹ ባሉት ውታፎች ስለሚታወቅ ብዙም አያስቸግርም። የሺስቶሶማ ማንሶኒ (የቢልሃርዚያ ትል) እንቁላል የጎን እሾህ ግን ከሥር ሊደበቅ ይችላል፤ ከቨር ስሊፑን (ናሙናውን የሚሸፍነውን ስስ መስታወት) በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ነካ ስታደርጉት እንቁላሉ ይገለበጥና እሾሁ ብቅ ይላል።

የኮሶ ትል እንቁላል ላይ የዝርያ ስም አትጻፉ። የበሬውና የአሳማው በማይክሮስኮፕ አይለዩም፤ «ቴኒያ» ብሎ ማቆም ሐቀኛ ውጤት ነው።

አሁን ወደ ተግባር ልምምዱ እንሻገራለን። እንቁላል ከመፈለጋችሁ በፊት በማይክሮስኮፑ የዓይን ሌንስ ውስጥ ያለውን መለኪያ በየኦብጀክቲቩ ካሊብሬት አድርጉ (ልኩን አስተካክሉ)፤ የአበባ ብናኝንና የእንቁላልን መመሳሰል ብዙ ጊዜ የሚፈታው ልኩ ነው።

አመሰግናለሁ።