ክብደቱ መጀመሪያ ይቀንሳል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ጳጉሜን 4 ነው። ትናንት በሩፋኤል የሰፈራችን ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው በዝናቡ ሲጠመቁ ነበር የዋሉት፤ ሐዋሳም እስከ አሁን ጭቃዋ አልደረቀም። እኔ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ጥቂት ተኝቼ ተነሣሁ፤ ማታ ደግሞ እመለሳለሁ። ቆርቆሮው ጸጥ ሲል ነው ድምፄን ለመቅዳት የተቀመጥኩት።

የማወራችሁ ስለ መጠበቅ ነው። ነርስ ነኝ። ከስድስት ዓመት አገልግሎቴ አራቱን ያሳለፍኩት በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። በሕፃናት ጤና ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አመልክቼ ውጤት እየጠበቅኩ ነው፤ ስጠብቅ ይህ ሁለተኛ ዓመቴ ነው።

ባለፈው ዓመት ብሔራዊውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለፍኩ። ከዓመታት በኋላ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሒሳብና የአመክንዮ ጥያቄ መሥራት ቀላል አልነበረም፤ በፈረቃ መካከል፣ መድኃኒት በማዘጋጅበት ጠረጴዛ ጥግ እያጠናሁ ነው የደረስኩበት። ቀጥሎ ያመለከትኩበት ትምህርት ክፍል የራሱን ፈተና ሰጠን። ከዚያ ዝም አሉ። «ውጤቱ በቅርቡ ይገለጻል» ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም የለም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። አንድ ማለዳ የስም ዝርዝሩ በቴሌግራም ወጣ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ በአባቴ ስም ተሳስተው ይሆናል ብዬ እንደገና አነበብኩት። አልነበርኩበትም።

አለመመረጤ አሳዝኖኛል፤ ተወዳድሬ ነው፣ የተሻለ ሰው አለ። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በስንት ነጥብ እንደወደቅኩ፣ የጎደለኝ የፈተናው ውጤት ይሁን የሥራ ልምዱ፣ ተጠባባቂ ዝርዝር ይኑር አይኑር የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። በር አንኳኳሁ፣ ስልክ ደወልኩ። «ጠብቂ» አሉኝ። ምኑን እንደምጠብቅ ግን አልነገሩኝም።

በዚያው ዓመት በጥር ወር አንዲት እናት ወደ ክፍላችን መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ያለ ጊዜው ተወልዶ 1,450 ግራም ይመዝናል። በካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ በማስታቀፍ፣ ጀመርን። ይህ እንክብካቤ በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ ከተማ የተጀመረው ማሞቂያ ሣጥን ስላነሰ ነበር፤ የእናት ደረት ሕፃኑን ያሞቃል፣ ትንፋሹንም ያረጋጋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ጋናን፣ ሕንድን፣ ማላዊን፣ ናይጄሪያንና ታንዛኒያን ያካተተ ጥናት ታትሞ ነበር። ሕፃኑ ደህና እስኪሆን ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ እንክብካቤው ሲሰጠው፣ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚከሰተው ሞት በአንድ አራተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህን ባነበብኩበት ቀን ነው ወደ ትምህርት ልመለስ ብዬ የቆረጥኩት። አልጋው አጠገብ የምንሠራው ትንሽ የሚመስል ነገር እንዲህ ይመዝናል።

ወደ እናቲቱ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሕፃኑን መዘንነው፤ 1,340 ሆነ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ወተቷ ልጇን የጎዳው መስሏት ነው። እኔም ሁልጊዜ የምለውን አልኩ፦ «አይዞሽ፣ ይጨምራል።» ቀና ብላ አየችኝና «ሲስተር፣ መቼ?» አለች።

የምመልሰው ጠፋኝ። መልሱን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አውቀዋለሁ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ አንድ አሥረኛ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ወደ ተወለደበት ክብደት ለመመለስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። መጨመር ከጀመረ በኋላ በኪሎ ሲሰላ በቀን ወደ 15 ግራም ይጠበቃል፤ ለእሱ 20 ግራም ገደማ ማለት ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ልጁ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ሳልነግራት የቀረሁት። እሷን እንዳስለቀስኳት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኔን በር ላይ «ጠብቂ» ካሉኝ ሰዎች የተለየሁ አልነበርኩም።

ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ማንበብ አልተማረችም፤ ስለዚህ ካርቶን ላይ መስመር ሠራሁላት። በመጀመሪያ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከዚያ ቀስ እያለ የሚወጣ። «ዛሬ እዚህ ላይ ነን። ከዚህ በታች ብዙ አይወርድም። ከወረደ የምጨነቀው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ምን እንደምናደርግም እነግርሻለሁ።» በቀን የሚጨምረው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር የማይሞላ መሆኑን ስነግራት እጇን ዘርግታ እንደ መመዘን አደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከሚዛኑ በኋላ ካርቶኗን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር፤ ነጥቡን አብረን እናደርጋለን። በተከታታይ ሁለት ቀን ባልጨመረ ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም። ወር ሊሞላት ሲል በ1,830 ግራም ይዛው ወጣች። ካርቶኑንም ይዛው ሄደች።

ዘንድሮ እንደገና አመለከትኩ። ወረቀቱን ታውቁታላችሁ፦ ትራንስክሪፕት ከተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ማስላክ፣ የወጪ መጋራቱን ማስረጃ ማውጣት፣ የድጋፍ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት፣ ምስክርነት ከሁለት ሰው። አለቃዬ፣ ብዙ ነርስ ያሳደጉ ሴት ናቸው፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ከወር በፊት ጀምሪ» ብለውኝ ስለነበር ተሳካልኝ።

በቃለ መጠይቁ «ከተማርሽ በኋላ የት እናገኝሻለን?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ የያዙ የማውቃቸው ነርሶች አብዛኞቹ ማስተማር ወይም ቢሮ ገብተዋል። አልፈርድባቸውም፤ መምህር ባይኖር እኔም አልማርም ነበር። ነገር ግን የተማረ ሁሉ ከአልጋው ሲርቅ ለዚያች እናት መስመሩን የሚሠራላት ማን ነው? «እዚያው ክፍል» አልኳቸው። ጻፉት።

ስጨርስ፣ በር ላይ ለነበረችው የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ እናቲቱ የጠየቀችኝን ጠየቅኳት፦ «እህቴ፣ መቼ?» ልጅቷ ደነገጠች፤ ከዚያ ስልክ አንሥታ ሁለት ቦታ ደወለች። «ቁርጡን አላውቅም፤ ከመስከረም 15 በፊት ግን አይወጣም። ዝርዝሩ ሲወጣ ተጠባባቂዎችም አብረው ይለጠፋሉ» አለችኝ።

ይህን ሰምቼ በእግሬ እስከ አሞራ ገደል ድረስ ሄድኩ። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተደርድረው ቆመዋል። ጀልባዎቹ መቼ እንደሚመለሱና ዓሣው የት እንደሚበለት ስለሚያውቁ አንዱም አይቁነጠነጥም። ቆሜ አየኋቸው። ስልኬን በየሩብ ሰዓቱ ማየት ያቆምኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። የተሰጠኝ መልስ አይደለም፤ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም «ከዚህ በፊት አይደለም» የሚል ቀን። እሱ እንኳ እንቅልፌን መለሰልኝ።

እማዬ ከይርጋለም ትደውላለች። «ምን አሉ ልጄ?» ትላለች። «ከመስከረም 15 በፊት ምንም አይሉም፣ እማዬ» ስላት «እንግዲያውስ በሰላም እንቁጣጣሽን እንዋል» አለች።

አሁን ልብሴን ልለብስ ነው። ሌሊቱን በኔ ተራ ሦስት ሕፃናት አሉ። አንዷ የተወለደችው ትናንት ነው፤ 1,600 ግራም ናት። ዛሬ ጠዋት ስወጣ እናቷ «ነገ ስትመዘን ስንት ትጨምራለች?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ለፈረቃ ርክክብ ተጣድፌ ስለነበር በሚገባ አልመለስኩላትም። ነገ አትጨምርም፤ ትቀንሳለች። ካርቶን ይዤ እየሄድኩ ነው፤ ሳይነጋ ልነግራት ይገባል።