ቀለሙ ምንም አልነበረውም

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ ወላጆች፣ በተለይ ደግሞ እናንተ የዛሬ ተመራቂ በያጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ስለ ብየዳ አላወራም። እሱን ተምራችኋል። የማወራው ከብየዳው በኋላ ስላለው፣ ደክሞን፣ ደንበኛው «መቼ ነው የምትገጥሙት?» እያለ ሲያጣድፈን ብዙዎቻችን ስለምንዘለው ሥራ ነው። ብረቱን ስለማጽዳትና ስለመቀባት።

ለብቻዬ የሠራሁት የመጀመሪያ የግቢ በር ከላሜራና ከቱቦላሬ ነበር። ባለቤቷ እናት መርቀው ከፈሉኝ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ አስጠሩኝ። በየብየዳው ላይ ቡናማ የዝገት መስመር እስከ ታች ወርዷል። በጥፍሬ ስነካው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፤ ከሥሩ የብየዳው ቅርፊት፣ ብየዳው ሲበርድ ላዩ ላይ የሚቀረው ጠንካራ ልባስ፣ እንዳለ ቁጭ ብሏል። አላራገፍኩትም፣ በሽቦ ብሩሽም አላሸሁትም፣ አንቲረስቱንም፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን የዝገት መከላከያ፣ የቀባሁት በጠዋት፣ ብረቱ ገና ጤዛ ይዞ እያለ ነው። «ልጄ፣ ቀለሙ መጥፎ ነው እንዴ?» አሉኝ። ቀለሙ ምንም አልነበረውም። በሩን አውርጄ በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁት።

ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ከቀለም ሥር ከጀመረ ያብጣል፣ ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ላዩን ደጋግሞ መቀባት ገንዘብ መጨረስ ነው። ቀለም የሚይዘው ያገኘውን ነው። አቧራና ዘይት ካገኘ አቧራና ዘይቱን ይይዝና አብሮ ይረግፋል።

ይህን እኮ ከቤት ልማረው እችል ነበር። እናቴ አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝታ ዕለቱን እንጀራ አትጋግርበትም። ታሟሸዋለች። ምጣዱን ታግላለች፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ትበትንበታለች፣ በጨርቅ እያሸች ታለሰልሰዋለች፣ እስኪጠቁርና እስኪያብረቀርቅ ትደጋግመዋለች። የዘሩ ዘይት የሸክላውን ቀዳዳ ይሞላል፣ በሙቀቱም ደርቆ ስስ ሽፋን ይሆናል። የተቸኮለበት ምጣድ ላይ እንጀራው ይጣበቃል፣ ያኔ ጤፉን የሚወቅስ ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ ቆርቆሮ። ጣራችን ላይ ያለው ብረት ዚንክ የለበሰ ነው። በፋብሪካ ብረቱ በደንብ ታጥቦ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በጋለ ቀልጦ የተቀመጠ ዚንክ ውስጥ ይነከራል። ዚንክ ከቀለም የሚለየው ጫር ሲደረግም መከላከሉን ስለማያቆም ነው፤ ጭረቱ አጠገብ ያለው ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ ተበልቶ ያልቃል። አዲስ ቆርቆሮ ሲደበዝዝም አትደንግጡ፣ ዚንኩ ከአየሩ ጋር የራሱን መከላከያ እየሠራ ነው።

ግን ዚንክ የለበሰ ብረት ስትበይዱ ተጠንቀቁ፣ ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይተናል፣ የብየዳው እሳት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ነጩን ጭስ የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ወተት ጠጡ ይሏችኋል፤ ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። የምትበይዱበትን ቦታ ዚንኩን በግራይንደር አንሱ፣ የአቧራውም የጭሱም መከላከያ የሆነ ማስክ አድርጉ፣ ነፋስ ባለበት ሥሩ። ስትጨርሱ የተገለጠውን ብረት ዚንክ ያለበት ቀለም ቀቡት፣ አለዚያ ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋጋ ስትሰጡ የማጽጃውን ቀን አብራችሁ አስሉ። ብየዳ ይህን ያህል፣ ማጽዳት ይህን ያህል፣ አንቲረስት፣ ቀለም፣ ሁሉንም ለየብቻ ጻፉት። «ማጽዳቱን ተወውና ቀንስልኝ» የሚል ደንበኛ ይመጣል። እሱን ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩት፣ ከተቻለም አንድ የተላጠ በር ወስዳችሁ አሳዩት። እኔ የማሳየው የዚያን የመጀመሪያ በሬን ቁራጭ ነው፣ ወርክሾፔ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አመሰግናለሁ።