መጀመሪያ ባለቤቶቹን እንጠይቅ

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ በቅርቡ ለአገልግሎት ወደ ውጭ አገር የምትጓዙ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የመሸኛ ንግግር እንዳደርግ ነው የተጋበዝኩት። እሸኛችኋለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር አልወርድም።

ባለፈው ጉዞ አብራችሁኝ የነበራችሁ ያቺን መንደር አትረሷትም። የሄድነው የእጅ ፓምፕ ልንተክል ነበር። ገንዘቡ ተዋጥቶ፣ ቲሸርቱ ታትሞ፣ የምረቃው ቀን ሳይቀር ተቆርጦ። ስንደርስ ምን ጠበቀን? ሌላ ፓምፕ! ከኛ በፊት የመጡ ተማሪዎች ስማቸውን የጻፉበት፣ ጠብታ ውሃ የማያወጣ ፓምፕ። ጉድጓዱ አልደረቀም። አንድ እናት እንዳስረዱን የተበላሸው ውሃውን ወደ ላይ የሚስበው ጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ ያልቃል፣ በየጊዜው መቀየር አለበት፣ እዚያ ግን የሚሸጥበት ሱቅ በቅርብ የለም፣ መፍቻውንም የተከሉት ሰዎች ይዘውት ሄደዋል። እኛ የወሰድነው ፓምፕ ሌላ ዓይነት ስለሆነ መለዋወጫው ለዚያኛው አይሆንም። ውሃ የሚቀዱት እኚህ እናት ናቸው። ጉዞውን ያዘጋጁት ሰዎች ግን እሳቸውን አንድም ቀን አልጠየቁም። የጠየቁት እኛን ነው፤ ምን ብትሠሩ ደስ ይላችኋል ብለው!

ይሄ ያናድዳል። የሰው መንደር የኛ ፎቶ መነሻ አይደለም! ቄስና ጸሐፊ የነበረው ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ሜክሲኮ ለሚዘምቱ የአሜሪካ ተማሪዎች ለመማር ከሆነ ኑ፣ ለመርዳት ግን አትምጡ ብሎ ፊት ለፊት ነግሯቸዋል። እኔ እሱን ያህል አልሄድም። ሳይጠሩን አንሂድ ነው የምለው።

የሕፃናት ማሳደጊያ ጉብኝት ግን ጭራሽ ይቅር። ካምቦዲያ ውስጥ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ወላጅ አላቸው። ጎብኚ ገንዘብ ይዞ ስለሚመጣ ልጅ ከቤቱ ይወሰዳል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2019 ስለዚህ ጉዳት ተናግሯል።

የሕክምና ተማሪዎች፣ እዚህ እንድትሠሩ ያልተፈቀደላችሁን እዚያም አትሥሩ። ቋንቋውን ከአሁኑ ጀምሩ። የክትባቱና የኢንሹራንሱ ነገር በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ አለ።

ኮሚቴው በጀቱን ሊያጸድቅ ነው። የቲሸርቱ ገንዘብ ለመለዋወጫና እዚያው ለሚኖር ጠጋኝ ማሠልጠኛ ይዋል። ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴም ደብዳቤ ይጻፍ፤ መልሱ ሳይመጣ የማንም ቲኬት አይቆረጥ።